የጤና አዳሙ ዝንብ

ጋሽ ነጋሽ ዝንቡን የመቱት ሰው ሁሉ እያያቸው ነው።

ዕለቱ እሑድ ነበር። በዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ባለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን አምልኮው አልቆ፣ ሰዉ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ኮሪደር ሻይና ብስኩት ይዞ ቆሞ ያወራል። ለልጆች አገልግሎት የታደሰው ክፍል የተከፈተው በዚያው ቀን ስለነበር፣ ሁሉም ተራ በተራ ገባ እያለ ያያል። ቀለሙ አዲስ፣ ምንጣፉ አዲስ፣ በሩ አጠገብ የተሰቀሉት ሥዕሎችም አዲስ ናቸው። ጋሽ ነጋሽ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌ እንደመሆናቸው ክፍሉን መርቀው ሲወጡ፣ በአንደኛው ሥዕል ላይ ጥቁር ዝንብ ተቀምጦ አዩ። ሥዕሉ የአንድ ተክል ሥዕል ነው፤ ዝንቡ አንዱ ቅጠል ጫፍ ላይ ጉብ ብሏል። በአዲስ ክፍል፣ ገና በመጀመሪያው ቀን! በእጃቸው የያዙትን የፕሮግራም ወረቀት ጠቀለሉና ጠጋ ብለው ጧ አደረጉት።

ዝንቡ አልተነሣም። ደገሙት። በዚህኛው መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፤ ዝንቡ ግን እዚያው ነው።

"ጋሼ!" አለች ከኋላቸው የመዘምራኗ ወጣት ሶልያና፣ ሻይዋ በእጇ እየተንቦጫረቀ። "ሥዕል ነው እኮ! ዝንቡ ራሱ ሥዕል ነው!"

ኮሪደሩ በሳቅ ተሞላ። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ተንከባለሉ። ፓስተር ነቢዩ እንኳ ራሳቸውን መግታት አቅቷቸው፣ "ጋሽ ነጋሽ፣ ለመሆኑ ሞተልዎት?" አሏቸው። እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ ምን ያድርጉ። ውስጣቸውን ግን ቆጠቆጣቸው።

ነገሩን ያባሰባቸው ነፍሳትን መግደል ሙያቸው የነበረ መሆኑ ነው። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ተቀምጠው በአንበጣ መከላከል ሥራ ብዙ ዓመት አገልግለዋል። ቆላውን በላንድሮቨር እያሰሱ መንጋው ያረፈበትን ያገኙና በሬዲዮ ይጠራሉ፤ አውሮፕላን መጥቶ መድኃኒቱን ይረጫል፤ በነጋታው ምድሩ በሬሳ ተሸፍኖ ይጠብቃቸዋል። ያን ሁሉ ዓመት ሲሠሩ አንድ አንበጣ ለብቻው ይዘው፣ ዓይኑ ምን ይመስላል፣ እግሩ እንዴት ይታጠፋል ብለው አይተው አያውቁም። እሳቸው የሚያውቁት መንጋ ነው። አሁን ስድሳውን ተሻግረው ከዳላስ ወጣ ባለችው ሮውሌት ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሸዋረገድ ጋር ይኖራሉ፤ በዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞችን የሚያመላልስ ሻትል አውቶቡስ ይነዳሉ። ከሰፈሩ ሐይቅ ከሚመጣው ትንኝና ከሣሩ ውስጥ ከሚፈላው የእሳት ጉንዳን ጋር ግን ጦርነቱን አላቆሙም። ጋራዣቸው ውስጥ አንድ መደርደሪያ ሙሉ መድኃኒት ተደርድሯል።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለፓስተሩ ደወሉ።

"ፓስተር፣ መስታወቱን እኔ አስቀይራለሁ፤ ሥዕሉንም ይዤው መጥቻለሁ። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ለልጆች ክፍል አይሆንም።"

"ለምን? ስላሳቀብዎት ነው?"

"እሱም አለበት፤" አሉ ጋሽ ነጋሽ፤ ውሸት አይወዱም። "ግን ዝንብ በመጽሐፍ ቅዱስ ምን ሆኖ ነው የሚገኘው? በግብፅ ላይ የወረደ መቅሠፍት ነው። የቀማሚውን ሽቶ የሚያገማው እሱ ነው። የአጋንንቱን አለቃ ስም ሲተረጉሙትስ የዝንቦች ጌታ አይደል የሚሉት? ሥዕሉ ላይ ያለው ቢራቢሮ ደህና፣ ትንሣኤ ነው። ዝንቡን ማን ጠራው?"

ፓስተር ነቢዩ ትንሽ አሰቡ። "እኔም አላውቅም። ሥዕሎቹን ያመጣችው ሶልያና ናት፤ እሷ ደግሞ ያለ ምክንያት የምታደርገው ነገር የለም። ይጠይቋት። ለምን እንደተሳለ እስክናውቅ ሥዕሉ እርስዎ ዘንድ ይቆይ፤ ካወቁ በኋላ ይውጣ ካሉ ይወጣል።"

ሥዕሉ በዚህ ምክንያት ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አደረ። በማግሥቱ ወይዘሮ ሸዋረገድ ከሚሠሩበት የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ተመልሰው ቦርሳቸውን ሲያስቀምጡ ዓይናቸው አረፈበት።

"ይሄ ጤና አዳም አይደል እንዴ?"

"የቱ?"

"ይሄ ነዋ! ቅጠሉን እየው፤ ጫፉ ድቡልቡል፣ መልኩ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። አበባው ቢጫ። ሚስትህ በየፖቱ የተከለችውን ጤና አዳም ስታጠጣ እያየህ እንዴት ጠፋህ?"

ማስረጃ እንዳይጎድል በጓሮው በር ወጡና አንድ ቅርንጫፍ ቀጥፈው መጡ። ሽታው ወጥ ቤቱን አወደው። ከሥዕሉ ጎን ሲያጋድሙት ቅርንጫፉና ሥዕሉ አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ።

"ፈረንጅ ጤና አዳምን ምን ብሎ ሳለው? አይብ ላይ ሊጨምረው ነው?" አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ።

ጋሽ ነጋሽ አጉሊ መነፅራቸውን አምጥተው አጎነበሱ። ከግንዱ ላይ አንድ አረንጓዴ ትል ይወጣል፤ ጥቁር ቀበቶ የተደረደረበት፣ በቀበቶው ላይ ቢጫ ነጠብጣብ። ከበላዩ ትሉ ራሱን የሸሸገበት ከረጢት ወገቡ ላይ በቀጭን ክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። ከሁሉ በላይ ቢራቢሮው። እስከዚህ ድረስ ይገባቸዋል። ዝንቡ ላይ ሲደርሱ ግን ቀና ማለት አቃታቸው። ጀርባው ላይ ያለው ጠጉር አንድ በአንድ ተስሏል፤ ያልተላጨ አገጭ ይመስላል። የቤት ዝንብ እንዲህ ያለ ጠጉር የለውም። ከተክሉ ሥር፣ ነጩ ወረቀት ላይ ደግሞ ቡናማ ፍሬ የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች ተበትነዋል።

"ሸዋ፣ ዝንብ ላይ ይሄን ያህል የደከመ ሰው በዋዛ አልሳለውም።"

"ታዲያ ሂድና ጠይቃታ። እኔም እመጣለሁ፤ ጤና አዳሜን ማን እንደሳለው ማየት አለብኝ።"

ሶልያና የምትሠራው ዳላስ መሀል ባለ አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ የጥንት መጻሕፍት በሚቀመጡበት ክፍል ነው። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋን ያገኘችው ከቤትና ከመዘምራን ልምምድ ነው። ባልና ሚስቱ ሁለቱም ሥራ በማይገቡበት ቀን ሄዱ። እጃቸውን አስታጥባ ካስገባቻቸው በኋላ መጽሐፉን እንደ ሕፃን አቅፋ አምጥታ ትራስ ላይ አስተኛችው።

"ሶ፣ ይሄ ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል፤" አለች እንግሊዝኛ ጣል እያደረገች። "የሳለችው ሴት ናት ይባላል፤ ስሟን ግን አናውቅም፤ የመጀመሪያው ገጽ ተቀዷል። ስለ ሥዕሎቹ የጻፈችውም ጠፍቷል። ያለን ሥዕሉ ብቻ ነው። እኔ ስካን ሳደርገው በጣም ስለወደድኩት ነው ቅጂውን ለልጆቹ ያመጣሁት።"

ገጾቹን ቀስ እያለች ገለጠችላቸው። ባለ ቀንድ ጥንዚዛ፣ ንብ፣ ውኃ ዳር የሚበር ባለ ረጅም ክንፍ ቀጭን ነገር፣ የእሳት እራት። ጋሽ ነጋሽ በሕይወታቸው ነፍሳትን እንዲህ ቀስ ብለው አይተው አያውቁም።

"ያኔ ሰዎች እነዚህን እንደ ፊደል ያነብቧቸው ነበር፤" አለች ሶልያና። "ይሄ ጥንዚዛ ለአንዱ ሠዓሊ ክርስቶስ ነው፣ ለሌላው ሰይጣን። ንብ ትጋት ናት። ይሄ ቀጭኑ ቆንጆ ነው አይደል? ግን ክፉ ነው ብለው ይፈሩት ነበር። ትሉ በምድር ያለን ኑሮ፣ ከረጢቱ መቃብር፣ ቢራቢሮው ነፍስ። ትንሣኤ።"

"ዝንቡስ?" አሉ ጋሽ ነጋሽ።

"ዝንቡ ሞት ነው። ዕድሜው አጭር ስለሆነ፣ የሚበሰብስ ነገር ስለሚወድ። አበባ ላይ ሲያስቀምጡት ይሄም ይበሰብሳል ማለታቸው ነው። ኦኬ፣ ግን ሌላም አለ። አንዳንድ ሠዓሊ ጎበዝነቱን ለማሳየት ነው ዝንብ የሚስለው። አየህ… ማለቴ፣ አዩ፣ ሰው እውነተኛ መስሎት በእጁ እሽ እንዲለው።"

"መስታወት እንዲሰብርም፤" አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ፣ ባላቸውን በክርናቸው ጎሰም አድርገው።

"ጤና አዳሙስ ምን ነበር?" አሉ ጋሽ ነጋሽ።

"የጸጋ ቅጠል የሚሉት ነበሩ። ንስሐ ማለት ነው።"

"እኛ የአዳም ጤና እንለዋለን፤" አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ በመገረም። "ሳይተዋወቁ ተቀራርበዋል እኮ።"

የጤና አዳሙ ገጽ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ነጋሽ ጣታቸውን ወረቀቱን ሳያስነኩ ከበላዩ ዘረጉ። "ሞት ከሆነ፣ ማንኛውም ዝንብ ይበቃት ነበር። ይሄ የቤት ዝንብ አይደለም። የሆነ ዝንብ ነው፤ ይህኛውን መርጣ ነው የሳለችው። እነዚህ ከታች ያሉትስ ምንድን ናቸው?"

"የጤና አዳሙ ዘር ይመስለኛል።"

"አይደለም፤" አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ። "የጤና አዳም ዘር ጥቁር ነው፤ ጠርዝ ጠርዝ አለው። ይሄ ቡናማና ለስላሳ ነው።"

ሦስቱም እንደገና አጎነበሱ። በመጨረሻ ሶልያና ትከሻዋን ነቀነቀች። "አላውቅም፤" አለች እየሳቀች። "ይገርማል፤ ስንቴ አይቼዋለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅሁም።"

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ጋሽ ነጋሽ መንገዱን ሙሉ ስለዚያ ዝንብ አወሩ። ይውጣ ይቅር የሚለው ነገር ከአፋቸው ጠፍቷል።

መስከረም ሲጋመስ፣ አንድ ጠዋት ወይዘሮ ሸዋረገድ ከጓሮ ጮኹ።

"ነጋሽ! ና እስቲ፣ ጤና አዳሜን ጨረሱት!"

ጋሽ ነጋሽ ጩኸቱ ምን እንደሆነ ገብቷቸዋል። ከጋራዡ መደርደሪያ አንድ ጠርሙስ አንሥተው እየናጡ ወጡ። ከፖቶቹ አንዱ በቁሙ ራቁቱን ቀርቷል፤ ቅርንጫፎቹ ላይ ትሎች ተሰልፈው ያላምጣሉ። ጎንበስ አሉና የጠርሙሱን አፍ አስተካከሉ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። አረንጓዴ፤ ጥቁር ቀበቶ፤ በቀበቶው ላይ ቢጫ ነጠብጣብ።

"ምን ትጠብቃለህ? ስፕሬይ አድርገዋ!"

"ሸዋ፣ ልብሱን እዪው።"

ወይዘሮ ሸዋረገድ ጠጋ አሉ። አዩ። "የሥዕሉ?"

"እሱ ራሱ ባይሆንም ወንድሙ ነው።" በጣታቸው ጫፍ ሲነኩት ትሉ ከግንባሩ ሁለት ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ መጥፎ ሽታ ለቀቀባቸው። ጋሽ ነጋሽ እንደ ልጅ ሳቁ። "ተቆጣኝ እኮ!"

"እኔ ነኝ መቆጣት ያለብኝ! ስንት ወር ያጠጣሁት ነው!"

ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ወይዘሮ ሸዋረገድ ያን የተበላውን ፖትና አንድ ሌላ ሰጡ፤ የቀሩትን የነካ ትል ግን ዋጋውን እንደሚያገኝ አስጠነቀቁ። ጋሽ ነጋሽ ትሎቹን አንድ በአንድ ለቅመው አዛወሩ። ከአልጋ በታች ተጠቅልሎ የተቀመጠ አሮጌ የወባ አጎበር ነበራቸው፤ እሱን ሊያለብሱት ሲሉ አንድ ግራጫ ዝንብ መጥቶ ከትሎቹ በአንዱ ጀርባ ላይ አረፈ። እሽ አሉትና አጎበሩን አሰሩ።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲመለሱ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ በረንዳው ላይ ወንበር ስበው ይቀመጡ ጀመር። ትሉ ቅጠሉን ከጠርዙ ጀምሮ ከላይ ወደ ታች እያጨደ ይበላል፤ ጫፍ ሲደርስ ራሱን ቀና አድርጎ እንደገና ከላይ ይጀምራል። ቆዳው ሲጠበው ያወልቀዋል፤ ያወለቀውንም መልሶ ይበላዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ነግሯቸው አያውቅም። ያን ሁሉ ዓመት ከላይ ሲያስረጩ፣ ከሥር እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራ ኖሯል ብለው አሰቡ፤ ሐሳቡ ደስም አላቸው፣ ከበዳቸውም። በስልካቸው ፎቶ እያነሡ ለሶልያና ይልካሉ፤ እሷ ደግሞ ከሥዕሉ ጋር እያስተያየች ትመልስላቸዋለች።

አጎበሩ አንድ ቦታ ቀዳዳ ነበረው፤ አብዛኞቹ ትሎች ሾልከው ጠፉ። አንዱ ብቻ በተከሉለት እንጨት ላይ ወጣ፣ ወገቡን በክር አሰረ፣ በማግሥቱ ሲያዩት ከረጢት ሆኖ ጠበቃቸው። እሑድ ዕለት ይህን ለልጆቹ ሲነግሩ ክፍሉ በጩኸት ተደበላለቀ። ሁሉም ማየት ፈለገ። ፓስተር ነቢዩም ሰምተው ኖሮ፣ "እንግዲያው የፋሲካን ትምህርት ለልጆቹ እርስዎ ይስጡ፤ ቢራቢሮውን ይዘው ይምጡ፤" አሏቸው። ጋሽ ነጋሽ ቃል ገቡ።

ክረምቱ ገባ። የቴክሳስ ክረምት አንዳንዴ ይቀልዳል፣ አንዳንዴ ይጨክናል፤ በዚያ ዓመት ጨከነ። የካቲት ላይ በረዶ ሲጥል ጋሽ ነጋሽ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ሲመለሱ አጎበሩ ላይ ብርድ ልብስ ተደርቦበት አገኙት። ወይዘሮ ሸዋረገድ ስለ ብርድ ልብሱ አንድም ቃል አላነሡ፤ እሳቸውም አልጠየቁ።

በረዶው ቀልጦ ዛፉ ሲያቆጠቁጥ፣ አንድ ጠዋት አጎበሩን ገለጥ ሲያደርጉ ከረጢቱ ጠቁሯል። ጎኑ ተበስቷል። ውስጡ ባዶ ነው። ቢራቢሮ የለም፤ አጎበሩ እንደታሰረ ነው። ጋሽ ነጋሽ ቃል የገቡላቸው ልጆች ፊት ድቅን አለባቸው። እንጨቱን ሊነቅሉ ሲያጎነብሱ ግን አፈሩ ላይ አንድ ነገር አዩ። ቡናማ፣ ለስላሳ፣ የስንዴ ፍሬ የማያህሉ ጥቃቅን ነገሮች።

እዚያው በጉልበታቸው ተንበርክከው ለሶልያና ደወሉ። "ልጄ፣ ያ ዘር ነው ያልሽኝ… ዘር አይደለም። እዚህ አለ። ከትሉ ሆድ ነው የወጣው።"

ሶልያና የዚያኑ ቀን ከሥራ ስትወጣ ቀጥታ ሮውሌት መጣች፤ በታብሌቷ ሥዕሉን ይዛለች። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፍሬዎቹን ነጭ ሳህን ውስጥ አድርገው ከምስሉ ጎን አስቀመጡት። አንድ ነው። ሶልያና ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ውስጣቸው ምን እንዳለ እንጠብቅ፤" አሉ ጋሽ ነጋሽ። በጠርሙስ ከተቱና አፉን በሻሽ አሰሩት። ወይዘሮ ሸዋረገድ ጠርሙሱን ከምግብ እንዲያርቁላቸው ብቻ ጠየቁ፤ ቢሆንም ጠዋት ከቤት ሲወጡ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነበር። ያገኙትም እሳቸው ናቸው።

"ነጋሽ! ወጥቷል! ዝንብ ነው!"

ከአንዱ ፍሬ ጫፉ እንደ ክዳን ተከፍቷል። መስታወቱ ላይ አንድ ዝንብ ይሄዳል፤ ጀርባው ባልተላጨ ጠጉር የተሸፈነ። ጋሽ ነጋሽ አጉሊ መነፅራቸውን ይዘው ብዙ ቆዩ። ያ ግራጫ ዝንብ ትዝ አላቸው፤ ትሉ ጀርባ ላይ አርፎ እሽ ያሉት። እንቁላሉን ጥሎ ነው የሄደው። ትሉ ሲበላ፣ ቆዳ ሲቀይር፣ ወገቡን ሲያስር፣ በውስጡ ሌላ ይበላ ነበር።

ሶልያና በስልክ ስትሰማ ጮኸች። "እሷም አይታዋለች! ቢራቢሮ ስትጠብቅ ዝንብ ወጣባት፤ የወጣውን ሳለች። ጋሼ፣ ለምልክት አይደለም የሳለችው! ማለቴ… ምናልባት ለምልክትም ይሆናል። ግን መጀመሪያ አይታዋለች።"

"ተናዳ ይሆን ወይስ ገርሟት?" አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ ከጎን። ይህን ግን ሦስቱም ሊያውቁት አልቻሉም።

ደስታው ሲበርድ ጭንቀቱ መጣ። ፋሲካ ደርሷል። ጋሽ ነጋሽ ጠርሙሱ ፊት ቁጭ ብለው፣ "ለልጆቹ ትንሣኤ አሳያችኋለሁ ብዬ ሞትን ይዤ ልሂድ?" አሉ።

"ሌላ ምን አለህ?" አሉ ባለቤታቸው። "ያየኸውን ይዘህ ሂድ።"

በፋሲካ እሑድ የልጆቹ ክፍል ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ጋሽ ነጋሽ የተበሳውን ከረጢትና ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ፊት የተቀመጠችው ፀደይ፣ ሰባት ዓመት ይሆናታል፣ አንገቷን አስግጋ አየች።

"ቢራቢሮው የታለ?"

"ዝንቡ በላው፤" አሉ ጋሽ ነጋሽ።

ክፍሉ ፈነዳ። ግማሹ "ኩል!" ይላል፣ ግማሹ አፍንጫውን ይዟል፤ ሁሉም ግን ወደ ጠርሙሱ ይገፋል። አጉሊ መነፅሩን በየተራ እያስያዙ ሁሉንም ነገሯቸው፦ ስለ ጤና አዳሙ፣ ስለ ግራጫው ዝንብ፣ ስለዚያች ስሟ ስለጠፋ ሴት። ልጆቹ ፍሬውን ከሥዕሉ ጋር ሲያስተያዩ እንደ ዳኛ ተኮሳትረው ነበር።

"ዝንቡ መጥፎ ነው?" ጠየቀች ፀደይ።

ጋሽ ነጋሽ መልስ የማያጡ ሽማግሌ ናቸው። ባለፈው ነሐሴ ቢሆን ይህን ጥያቄ ጥቅስ ጠቅሰው ይዘጉት ነበር። "አላውቅም፤" አሉ። "እሱም እናት አለችው። ልጆቿን ምግብ ያለበት ቦታ ነው ያስቀመጠችው።"

"እና ትሉ አይነሣም?"

"ይሄኛው አይነሣም።" በሩ ላይ ፓስተር ነቢዩ መቆማቸውን አዩ፤ ቢሆንም ቀጠሉ። "የተነሣው ጌታ ነው። ትሉን ምልክት ያደረግነው እኛ ነን፤ ትሉ ትል ነው። እኔ ለብዙ ዘመን ምልክቱን አይቼ ትሉን ሳላይ ኖሬያለሁ። እናንተ ሁለቱንም እዩ።"

ፀደይ ገባትም አልገባትም፣ ራሷን ነቀነቀችና መነፅሩን መልሳ ተቀበለቻቸው። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ፓስተሩ መዶሻና ሚስማር ራሳቸው ይዘው መጡ። ሥዕሉ በአዲስ መስታወት ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ዝንቡም አብሮ። ከሳምንት በኋላ ግን ወላጆች ቅሬታ ይዘው መጡ፤ ልጆቻቸው ከየጓሮው ያገኙትን ትል ሁሉ በምሳ ዕቃቸው እየያዙ ያመጡ ጀምረው ነበርና።

ግንቦት መግቢያ ላይ ጋሽ ነጋሽ ሻትላቸውን ተርሚናሉ ፊት አቁመው ተሳፋሪ ሲጠብቁ ስልካቸው ጮኸ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ናቸው። በሥራ ሰዓት አይደውሉም።

"ምነው? ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። በረንዳውን ልጠርግ ብዬ የሥጋ መጥበሻ ግሪሉን ልብስ ሳነሣ…" ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱ የሚያወሩ ይመስላል። "ከሥሩ ሌላ ከረጢት ነበረ። ከጠፉት መሆን አለበት። አሁን፣ አሁን ነው የተከፈተው።"

"ምን ወጣ?"

"ቢራቢሮ መሰለኝ። ክንፉ ጭምድድ ብሏል፤ ከማጠቢያ ማሽን እንደወጣ ሻሽ። በእግሩ ተንጠልጥሏል።"

ጋሽ ነጋሽ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። የደንብ ልብስ የለበሱ ተሳፋሪዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ይሳፈሩ ጀመር። "በየት በኩል ነው የወጣው? ከላይ ነው ከጎን? ከረጢቱ እንዴት ተከፈተ?"

"ከራሱ በኩል። እንደ በር። ውኃ ነገር አንጠባጠበ… ነጋሽ፣ ክንፉ እያደገ ነው። እውነቴን ነው፣ እያየሁት እያደገ ነው።"

"ቀለሙስ? ቢጫው በሁለት መስመር ነው በአንድ? ከታች ሰማያዊ አለው? ፎቶ አንሺ እንጂ!"

"ስልኩን በጆሮዬ ይዤ በምን ላንሣ?"

"እሺ ንገሪኝ፣ አሁን ምን እያደረገ ነው?"

"ቆይ እስቲ፣ አታስወራኝ፤" አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ። "እያየሁ ነው።"